«ወታደር አልነበረም» ለተባለ መርከበኛ ሚስት ምን ይገባታል?

በዚህ ዙር ከአራት አገር የደረሱን ጥያቄዎች ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። በጦርነት ጊዜ በንግድ መርከብ ላይ ስለሠሩ ሰዎች ሚስቶች ነው የሚጠይቁት፤ ካሳና ጡረታ ይገባቸዋል ወይ? ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፣ ስሞችንም አውጥቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ሆም ኬር ነው የምሠራው። የምንከባከባቸው አሜሪካዊት እናት 95 ዓመታቸው ነው፣ እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። ባለቤታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ገና ልጅ እያሉ በጭነት መርከብ ይሠሩ ነበር፤ ካረፉ ቆይተዋል። እማማ ግን «እሱ እኮ ወታደር አልነበረም፣ ለእኔ የሚሰጥ ነገር የለም» ብለው ትተውታል። አሁን ገንዘባቸው እያለቀ ነው፣ ለእኔ የሚከፍሉት ራሱ እያስጨነቃቸው ነው። እውነት ምንም የላቸውም?

መልስ፦ ሊኖራቸው ይችላል፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጀምሩት። እማማ ያሉት ከራሳቸው ያመጡት ነገር አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ልክ እንዳሉት ነበር።

ነዳጁን፣ ጥይቱን፣ ስንዴውንና ታንኩን ባሕር አሻግረው ያደረሱት የንግድ መርከብ ሠራተኞች ናቸው። መርከቦቹን የሚያሰማራው የመንግሥት የጦርነት ጊዜ መሥሪያ ቤት ነበር። መድፍ ተተክሎባቸው ነው የሚሄዱት፣ የጀርመን ሰርጓጆች ደግሞ ከአሜሪካ ጠረፍ ጀምሮ እየተከተሉ በቶርፔዶ ያሰምጧቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስሌት ከ26 መርከበኛ አንዱ ሞቷል ይላል፣ ይህም ከየትኛውም የጦር ክፍል ይበልጣል። በወረቀት ላይ ግን ሲቪል ናቸው። ባሕር ላይ የሞተ መርከበኛ ቤተሰብ 5,000 ዶላር የጦርነት ኢንሹራንስ ያገኛል። ወታደር ግን እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ የሕይወት መድን መግባት ይችል ነበር፣ ሚስቱም በዚያ ላይ የወር ጡረታ አላት።

ሰኔ 1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለተመላሽ ወታደሮች ትምህርትና የቤት ብድር የሚሰጠውን ሕግ ሲፈርሙ፣ ኮንግረሱ ለንግድ መርከበኞችም ተመሳሳይ ዕድል ይሰጣል የሚል እምነት እንዳላቸው ተናግረው ነበር። ኮንግረሱ አልሰጠም፣ ሩዝቬልትም በዓመቱ ሞቱ። በሩ የተከፈተው በ1977 ነው፣ ያውም በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ያበሩ ለነበሩ ሴቶች ታስቦ በወጣ ሕግ። ሕጉ ከጦሩ ጎን የሠሩ ሲቪሎች እንደ ወታደር እንዲቆጠሩላቸው ማመልከት ይችላሉ ይላል። መርከበኞቹ አመለከቱ፣ ተከለከሉ፣ ከሰሱ። በ1987 ፍርድ ቤት ክልከላውን ሻረው። ጥር 1988 ላይ ውቅያኖስ ላይ የሠሩት እንደ ወታደር እንዲቆጠሩ ተወሰነ። ያን ጊዜ ከሞቱት መርከበኞች ሚስቶች ስንቶቹ በሕይወት ነበሩ? እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በ1942 ባሏ የሰጠመባት፣ ልጆች ይዛ የቀረች ሴት አርባ ስድስት ዓመት ስትጠብቅ ማለት ነው።

ወደ እማማ እንመለስ። የመጀመሪያው ነገር ቀኑ ነው። ባለቤታቸው ከታኅሣሥ 7፣ 1941 እስከ ነሐሴ 15፣ 1945 ባለው ጊዜ ውስጥ ውቅያኖስ ላይ ሠርተው ከሆነ እንደ ወታደር ይቆጠራሉ። ሥራ የጀመሩት ከዚያ በኋላ፣ እስከ 1946 መጨረሻ ባለው ጊዜ ከሆነ ግን በ1998 የወጣው ሕግ የሚፈቅደው የቀብር ነክ መብቶችን ብቻ ነው፣ ጡረታ የለውም። አንዳንዶቹ በ16 ዓመታቸው ነው የገቡት፣ ስለዚህ «በዚያን ጊዜ ልጅ ነበር» የሚለው ብቻውን ተስፋ አያስቆርጥሽ።

ክፍያው ሁለት ዓይነት ነው፣ ሰዎች ያደባልቁታል። አንደኛው ባልየው በአገልግሎቱ ምክንያት ለሞተ ነው፤ ያኔ መርከብ ላይ የሞተ ብቻ ሳይሆን፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያኔ ባገኘው በሽታ የሞተም ይገባበታል። የድሮ መርከቦች ሞተር ክፍል አስቤስቶስ በሚባል ሳንባ የሚጎዳ ነገር የተሸፈነ ስለነበር፣ ባለቤታቸው በሳንባ በሽታ ሞተው ከሆነ የሞት የምስክር ወረቀቱን አውጥታችሁ የሞት ምክንያት የሚለውን በደንብ አንብቡት። ይሄኛው ካሳ ሚስቲቱ ሀብታም ትሁን ድሃ አይጠይቅም። ሁለተኛው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ፣ ሌላ ላላገቡ መበለቶች የሚሰጥ ጡረታ ነው፣ ባልየው በምንም ምክንያት ይሙት። ባልየው ቢያንስ 90 ቀን ማገልገል አለበት። የሚኖሩበት ቤት እንደ ሀብት አይቆጠርም።

ለእማማ የሚሆነው ይሄ ሁለተኛው ይመስለኛል። ራሳቸውን ችለው መታጠብ፣ መልበስ ወይም መብላት ለማይችሉ ሰዎች ደግሞ በጡረታው ላይ ተጨማሪ አበል አለው። ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ፤ ለአንቺ የሚከፍሉት ገንዘብ እንደ ሕክምና ወጪ ተይዞ ከገቢያቸው ሊቀነስላቸው ይችላል። በወረቀት «ገቢያቸው ይበዛል» የተባሉ አረጋውያን የእንክብካቤ ወጪው ሲቀነስ ብቁ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ የተከፈለሽን ሁሉ ደረሰኝ አድርጊው። በካሽ እየተቀበልሽ ምንም ካልጻፍሽ የምትጎጂው እሳቸውን ነው።

ወረቀቱስ? ባለቤታቸው የወታደር መሰናበቻ የላቸው ይሆናል፤ የንግድ መርከበኛ ያንን የሚያገኘው በማመልከቻ ነው። ቤተሰብ ለሞተ ሰው ማመልከት ይችላል፣ ቅጹ ዲዲ 2168 ይባላል፣ የሚያጣራውም ኮስት ጋርድ፣ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ፣ ነው። ከጸደቀ ዲዲ 214 የሚባለው መሰናበቻ ይመጣል። ያረጁ ሳጥኖችን ፈትሹ። መርከበኛ ከእያንዳንዱ ጉዞ ሲመለስ የመርከቡ ስም፣ የገባበትና የወጣበት ቀን ያለበት ትንሽ ወረቀት ይሰጠው ነበር። መታወቂያው ላይ ደግሞ በዜድ ፊደል የሚጀምር ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ከተገኘ ሥራው ግማሹ አለቀ።

መሰናበቻው እስኪመጣ ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። «ለማመልከት አስቤያለሁ» የሚል አጭር ቅጽ ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስገቡ። ቁጥሩ 21-0966 ነው። ዋናውን ማመልከቻ በአንድ ዓመት ውስጥ ካስገባችሁና ከተፈቀደ ክፍያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይታሰባል። በ95 ዓመት ላይ ላለ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንቺ በእሳቸው ስም እንዳትፈርሚ። ልባዊ እርዳታሽ ነገ በሌላ ሊተረጎም ይችላል። ልጆች ካሏቸው ይግቡበት፤ ከሌሏቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች አሏቸው፣ በነፃ ነው የሚሠሩት፤ በየካውንቲውም ይገኛሉ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ለማዘጋጀት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ በሩን ዝጉበት። ማስከፈል በሕግ የተከለከለ ነው፣ አረጋውያንን እያሳደዱ «ጡረታ እናስጨርስልዎ» እያሉ የሚበሉ ደግሞ ሞልተዋል።

ጡረታው ባይሳካ እንኳ የባለቤታቸው አገልግሎት ከጸደቀ እማማ ከባለቤታቸው ጋር በብሔራዊ የወታደሮች መካነ መቃብር የመቀበር መብት ይኖራቸዋል። ይህንን ስትነግሪያቸው ተጠንቅቀሽ ንገሪያቸው፣ ግን ንገሪያቸው። ብዙ አረጋውያን ከገንዘቡ ይልቅ «እሱም አገልግሏል» መባሉን ነው የሚፈልጉት።

ካናዳ ላላችሁ በአጭሩ፦ እዚያ ደግሞ መርከበኞቹ ከወታደር እኩል የታዩት በ1992 በወጣ ሕግ ነው። ላለፈው ጊዜ ካሳ እንዲሰጣቸው ሽማግሌዎቹ በ1998 ኦታዋ ፓርላማው ደጃፍ ላይ የረሃብ አድማ መቱ። በ2000 እንደ አገልግሎቱ ርዝመት የሚለያይ የአንድ ጊዜ ክፍያ ተፈቀደ። ትልቁ ለተማረኩት 24,000 የካናዳ ዶላር ነበር፣ መበለቶችም ተካተዋል።

ጥያቄ (ከበርገን፣ ኖርዌይ)፦ የቋንቋና የማኅበረሰብ ትምህርት ስንማር መምህሯ ስለ «ጦርነት መርከበኞች» እና ስለ ምስጢራዊ ፈንድ ነገረችን። ግማሹ ክፍል «መንግሥት ሰረቃቸው» አለ፣ ግማሹ «ገንዘቡ ለመበለቶች ነው የዋለው» አለ። ተጨቃጨቅን፣ መልስ ሳናገኝ ወጣን። የትኛው ነው ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሩ ላይ ነው የተጨቃጨቃችሁት፤ ኖርዌይ ራሷ ከሃያ ዓመት በላይ ተጨቃጭቃበታለች።

ሚያዝያ 1940 ጀርመን ኖርዌይን ስትወር የአገሪቱ የንግድ መርከቦች በዓለም ባሕር ሁሉ ተበትነው ነበር። ከጀርመን እየሸሸ የነበረው መንግሥት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ መርከቦችን በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ሰበሰባቸው፣ ኖርትራሺፕ ይባላል፣ ለንደንና ኒውዮርክ ሆኖ ነበር የሚሠራው። ከ30,000 በላይ መርከበኞች ሠሩበት፣ ከ3,000 በላይ ሞቱ። ብዙዎቹ አምስት ዓመት ሙሉ ሚስታቸውንና ልጃቸውን አላዩም፤ ሚስቶቹ ጀርመን በያዘው አገር ውስጥ ናቸው፣ ባል ይኑር ይሙት የሚያውቁበት መንገድ የለም።

ፈንዱ እንዲህ መጣ። የኖርዌይ መርከበኞች የአደጋ አበል ከእንግሊዞቹ ይበልጥ ነበር። እንግሊዞች የራሳቸው መርከበኞችም ጭማሪ ይጠይቃሉ ብለው ሰጉ። ስለዚህ በ1940 የኖርዌዮቹ አበል ተቀነሰና ልዩነቱ ለብቻው እንዲቀመጥ ተስማሙ፤ የእንግሊዝ መርከበኞች እንዳይሰሙ ደግሞ ነገሩ በምስጢር ተያዘ። መርከበኞቹ ከጦርነቱ በኋላ የየድርሻችን ይሰጠናል ብለው አመኑ። ሰላም ሲመጣ ገንዘቡ ወደ 43 ሚሊዮን ክሮነር ደርሷል። በ1948 ፓርላማው ለየግለሰቡ አይከፈልም፣ ለተቸገሩ መርከበኞችና ለተቸገሩ መበለቶች ይዋል ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መርከበኞቹ በግል የመጠየቅ መብት የላቸውም ብሎ ፈረደ።

ታዲያ ተሰረቀ? ሌባ ኪሱ አልከተተውም፣ መበለቶች ተረድተውበታል። ግን የእኔን አስተያየት ከጠየቅከኝ እዚህ ላይ በጣም የከፋ ነገር ተደርጓል። መበለቷን መጦር ያለበት መንግሥት ነበር፣ ከራሱ ካዝና። እሱ ግን ያደረገው በሕይወት ከተረፉት መርከበኞች አበል አንስቶ ለሞቱት መርከበኞች ሚስቶች መስጠት ነው። በዚህ የተነሳ ድርሻዬን የሚል መርከበኛ የሟች ጓደኛውን ሚስት እንጀራ የሚነጥቅ ሰው ተደርጎ ታየ። እሷም ብትሆን ገንዘቡን እንደ መብት አላገኘችውም፤ ችግረኛ መሆኗን አስረድታ፣ ተመርምራ ነው የሚሰጣት። ሁለቱም ወገን ተዋረደ። አንዳንዱ መርከበኛ ባሕር ላይ የነበረበትን አምስት ዓመት ለልጆቹ እንኳ ሳያወራ ሞተ።

የተረፉትም ደህና አልተረፉም። ሐኪሙ ፊን አስኬቮልድ ጥቃት ሳይደርስባቸው እንኳ ለዓመታት በፍርሃት ውስጥ የኖሩ መርከበኞች ከጦርነቱ ዓመታት በኋላ እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ የመርሳት ችግር እንደያዛቸው አጥንቶ ጻፈ። ድሮ ሕመሙ ከጦርነቱ የመጣ መሆኑን ማስረዳት ያለበት መርከበኛው ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሕጉ ተለውጦ አይደለም የሚለውን ማስረዳት የመንግሥት ሥራ ሆነ። ይህ ለውጥ ለሚስቶች ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ ባልየው የጦርነት ጡረታ ከተፈቀደለት ሲሞት የእሷ ጡረታም በዚያ ላይ ይቆማል።

በ1972 ፓርላማው በመጨረሻ ባሕር ላይ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ወር 180 ክሮነር እንዲከፈል ወሰነ፣ የሟቾቹ ቤተሰቦችም ተካተቱበት። በአጠቃላይ 155 ሚሊዮን ክሮነር ወጣ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው ደግሞ በ2013 ነው። ለክፍል ጓደኞችህ አሁን በኢንተርኔት የሚገኝ የጦርነት መርከበኞች መዝገብ እንዳለ ንገራቸው፤ በስም ስትፈልግ ሰውየው የሠራባቸው መርከቦች ይወጣሉ። ከጎረቤቶቻችሁ ውስጥ አያቱን እዚያ የሚያገኝ አይጠፋም።

ጥያቄ (ከሊቨርፑል)፦ በእንግሊዝ መርከቡ ከሰመጠበት ቀን ጀምሮ ደሞዝ ይቆም ነበር ሲባል ሰማሁ። ይሄ እውነት ነው? ሚስቶቹስ?

መልስ፦ እስከ ግንቦት 1941 ድረስ እውነት ነው። መርከቡ ከሌለ ሥራው የለም በሚል፣ ሰውየው በነፍስ አድን ጀልባ ላይ እየተንሳፈፈ ደሞዙ ቆሟል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በወጣ መመሪያ ተስተካከለ። ለሞቱት መርከበኞች ሚስቶች ግን እንግሊዝ ከአሜሪካ የተሻለች ነበረች፤ ጦርነቱ በጀመረበት በ1939 የወጣው የጡረታ ሕግ የንግድ መርከበኞችን ከባሕር ኃይሉ፣ ከምድር ጦሩና ከአየር ኃይሉ ጋር አብሮ ይዟቸዋል። የጦርነት መበለት ጡረታ ዛሬም አለ፣ ግብርም አይቆረጥበትም።

አንተ ያለህበት ከተማ ግን ሌላ ቁስል አለው። በጦርነቱ ጊዜ ከሊቨርፑል እየተነሱ ብዙ ሺህ ቻይናውያን መርከበኞች ለእንግሊዝ ሠርተዋል፣ ሞተዋልም። አንዳንዶቹ እዚያው አግብተው ወልደዋል። ጦርነቱ ሲያልቅ፣ በ1945 እና 1946፣ መንግሥት እያፈሰ በመርከብ ጭኖ መለሳቸው። ቤተሰቡ የተነገረው ነገር አልነበረም። ሚስቶቹ ቻይናዊ በማግባታቸው እንግሊዛዊ ዜግነታቸውን ያጡ ነበሩ፣ ማን ዘንድ ሄደው ይጩኹ? ባሏ ስላልሞተ የመበለት ጡረታ የላትም፣ ባሏ ስለሌለ ደሞዝ የላትም። ልጆቹ አባታችን ጥሎን ሄደ ብለው አደጉ። በ2022 የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ባወጣው ምርመራ መርከበኞቹ በኃይል መባረራቸውን አመነ። በእኔ እምነት ካሳ ማለት ለእነዚህ ቤተሰቦችም መድረስ ያለበት ነገር ነው።

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ)፦ ባለቤቴ ባቦጋያ ማሪታይም ተምሮ አሁን በውጭ መርከብ ኢንጂነር ነው። መርከቡ አንዳንዴ በቀይ ባሕር ያልፋል። ሲያልፍ እንቅልፍ የለኝም። አንድ ነገር ቢሆን፣ አያድርገውና፣ እኔና ልጄ ምን አለን? እሱን ስጠይቀው «አታሟርቺ» ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ማሟረት አይደለም። መጋቢት 2024 ትሩ ኮንፊደንስ የሚባለው መርከብ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ በሚሳኤል ሲመታ ሦስት መርከበኞች ሞተዋል። ከላይ እንዳየሽው ድሮ የሞቱት መርከበኞች ሚስቶች ለአሥርት ዓመታት የተንገላቱት በዋናነት መብታቸው ቀድሞ በግልጽ ስላልተጻፈ ነው። አሁን ተጽፏል። አንቺ ወረቀቱ እጅሽ ላይ መኖሩን ነው ማረጋገጥ ያለብሽ።

ዓለም አቀፉ የመርከበኞች የሥራ ስምምነት ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ማሻሻያው የመርከቡ ባለቤት ለሞትና ለዘላቂ ጉዳት የሚከፈለውን ካሳ የሚሸፍን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። የመድኑ የምስክር ወረቀት መርከቡ ውስጥ ሰው በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። ባለቤትሽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። የሥራ ውሉንም እያንዳንዱን ገጽ ይላክልሽ፤ ካሳው ስንት እንደሆነ የሚወስነው በዋናነት እሱ ነው። ውሉ ላይ የቅርብ ቤተሰብ በሚለው ቦታ የማን ስም እንዳለ እዪ። ከማግባቱ በፊት የሞላው ከሆነ የእናቱ ወይም የወንድሙ ስም ይሆናል ያለው፣ እና ያን ጊዜ በሐዘን ላይ የቤተሰብ ጠብ ይጨመራል። አሁኑኑ ያስተካክለው።

መርከቡ በሠራተኛ ማኅበራትና በአሠሪዎች ዓለም አቀፍ ስምምነት የተሸፈነ ከሆነና አካባቢው የጦርነት ቀጠና ተብሎ ከተፈረጀ ሌላም መብት አለው። እዚያ ባለፈባቸው ቀናት መነሻ ደሞዙ እጥፍ ይሆናል፣ የሞትና የጉዳት ካሳውም እጥፍ ነው። አልሄድም የማለትና በኩባንያው ወጪ የመመለስ መብትም አለው። የቀጠናዎቹ ዝርዝር ስለሚቀያየር ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ይጠይቅ። ቢያዝም፣ በባሕር ወንበዴ ወይም በታጣቂ፣ ደሞዙ መቆም የለበትም፤ ይሄም በመርከበኞች የሥራ ስምምነቱ ውስጥ ገብቷል።

አሁን ወደ አንቺ ወረቀት። ጋብቻችሁ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ ብቻ ከሆነ ቀበሌ ሄዳችሁ በወሳኝ ኩነት አስመዝግቡት። የልጅሽንም የልደት ሰርተፍኬት አውጪ። የውጭ መድን ድርጅት የሠርግ ቪዲዮ አይቀበልሽም። ስሞቹ በፓስፖርቱ፣ በውሉና በጋብቻው ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መጻፋቸውን በፊደል በፊደል አመሳክሪ፤ አንድ ፊደል ብትለያይ ወራት ይፈጃል። አስተርጉመሽ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ካረጋገጥሽው ደግሞ በችግር ቀን አትሯሯጪም።

የመጨረሻው፣ አያድርገውና የሆነ ነገር ቢመጣ፣ የኩባንያው ሰው «ይሄን ፈርሚና ዛሬውኑ ገንዘብ ውሰጂ» ካለሽ አትፈርሚ። በውሉ ከተጻፈው ያነሰ እንድትቀበይ ማስጨነቅ በመርከበኞች የሥራ ስምምነቱ የተከለከለ ነው፤ ሙሉው ካሳ እስኪጣራ ድረስም ለችግርሽ የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ትችያለሽ። ወረቀቱን የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ወይም የመርከበኞችን ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ሳያየው ፊርማሽን አታኑሪበት።